ኪስ የገባው ቦርድ፦ የእጅ ካልኩሌተር የውስጥ አሠራር ታሪክ

የእጅ ካልኩሌተር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የትራንዚስተር መጠን እያነሰ የሄደበት ታሪክ ተደርጎ ነው። በዚህ አተራረክ መሠረት፣ ኤሌክትሪክን የሚያበራውና የሚያጠፋው ይህ ትንሽ መሣሪያ በየዓመቱ እየረቀቀ ሲሄድ፣ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የነበረው ከባዱ የሒሳብ ማሽን ያለ ማንም ውሳኔ በራሱ ጊዜ ወደ ኪስ የወረደ ይመስላል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ከታሪኩ ግማሹን ይተወዋል። መደመርና ማባዛት የሚችለውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል በአንድ ቺፕ ውስጥ ማጨቅ በ1970 መጨረሻ ተችሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ግን ባትሪው በጥቂት ደቂቃዎች እንዳያልቅ፣ አሃዞቹ እንዲነበቡ፣ ቁልፎቹም ለጣት እንዲመቹ ማድረግ ያልተፈታ ችግር ሆኖ ቆይቷል። የመሐንዲሶቹ እውነተኛ ብልሃት የታየው በስሌቱ ሳይሆን በዚህ ዙሪያ ሲሆን፣ ማስረጃውም በሰርኪዩት ቦርዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰርኪዩት ቦርድ ሲባል፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ሰሌዳ ላይ ስስ መዳብ ተለብጦ፣ የማይፈለገው መዳብ በኬሚካል ተበልቶ ከተወገደ በኋላ፣ የቀሩት መስመሮች የሽቦን ሥራ እንዲሠሩ የተዘጋጀ ገበታ ማለት ነው። ከኦስትሪያ ወደ እንግሊዝ የተሰደደው መሐንዲስ ፖል አይዝለር በ1930ዎቹ አጋማሽ ለንደን ውስጥ በዚህ ዘዴ ሬዲዮ ሠርቶ ነበር፤ ሐሳቡ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ቦርዱ ለካልኩሌተር ሠሪዎች የሰጠው ጥቅም እጅ በእጅ የሚገናኙ ሽቦዎችን ማስቀረት ብቻ አልነበረም። በቦርድ ላይ የሚተላለፍ እያንዳንዱ መስመር ቦታ ስለሚወስድ፣ የመስመሮቹን ቁጥር የሚቀንስ ማናቸውም ዘዴ የመሣሪያውን ስፋትና ዋጋ አብሮ ይቀንሳል፤ ይህ ቀላል እውነታ በቀጣዮቹ ዓመታት ለተደረጉት ውሳኔዎች ሁሉ መነሻ ሆኗል።

ከኪስ ካልኩሌተር በፊት የነበረው ዘመን ምን ያህል የተለየ እንደነበር ለመረዳት ሁለት መሣሪያዎችን መጥቀስ ይበቃል። በእንግሊዝ የተሠራውና በ1961 ለገበያ የቀረበው አኒታ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ካልኩሌተር በቫኪዩም ቲዩብ ይሠራ ነበር፤ ቫኪዩም ቲዩብ አየር በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቆጣጠር፣ ሙቀት የሚያመነጭና ብዙ ቦታ የሚይዝ የትራንዚስተር ቀዳሚ ነው። በ1964 የጃፓኑ ሻርፕ ያወጣው ሲኤስ-10ኤ ደግሞ ቲዩቡን ትቶ 530 ትራንዚስተሮችንና 2,300 ዳዮዶችን፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ክፍሎችን የተጠቀመ ሲሆን፣ 25 ኪሎ ግራም ይመዝንና 535,000 የን ያወጣ ነበር። በሁለቱም መሣሪያዎች ኤሌክትሪኩ ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣ በመሆኑ ስለ ቁጠባ የሚጨነቅ አልነበረም፤ አኒታ አሃዞቹን የሚያሳይባቸው ኒክሲ የተባሉ የጋዝ መብራቶች ከ150 ቮልት በላይ መፈለጋቸውም ለማንም ችግር አልሆነም።

ከዚህ የጠረጴዛ ዘመን ማሽኖች አንዱ ግን ቦርዱን ራሱን ለሌላ ሥራ በማዋሉ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የአሜሪካው ሂውሌት ፓካርድ በ1968 ያወጣው ኤችፒ 9100ኤ፣ ሳይንንና ሎጋሪዝምን ጭምር የሚያሰላ፣ 4,900 ዶላር የሚሸጥ ማሽን ሲሆን፣ በውስጡ አንድም ቺፕ አልነበረውም። የአሠራሩን ትእዛዛት የሚይዘው ቋሚ ማስታወሻ የተሠራው 16 ንብርብሮች ካሉት ሰርኪዩት ቦርድ ነበር፤ በአንደኛው ንብርብር የሚያልፈው ጅረት በሌላኛው ንብርብር መስመር ላይ በማግኔት ኃይል የሚያሳድረው ተጽዕኖ ዜሮና አንድ ተብሎ ይነበብ ነበር። በሌላ አነጋገር ፕሮግራሙ በመዳብ ተስሎ ነበር ማለት ይቻላል። ቦርድ እስከዚህ ድረስ የተራቀቀበት የካልኩሌተር ሥራ ከዚያ በኋላ መኖሩ ያጠራጥራል፤ ይሁን እንጂ መሣሪያው 18 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ስለነበር ወደ ኪስ የሚወስደው መንገድ በዚህ በኩል አልነበረም።

ወደ እጅ የሚገባ ካልኩሌተር ለመሥራት የተደረገው የመጀመሪያው ከባድ ሙከራ የተካሄደው በዳላስ ከተማ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነው። የድርጅቱ መሪ ፓትሪክ ሃገርቲ፣ በ1958 ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንድ የሴሚኮንዳክተር ቁራጭ ላይ የማዋሐድን ዘዴ የፈጠረው ጃክ ኪልቢ አዲሱን ፈጠራ ተራው ሰው በእጁ የሚይዘው ዕቃ እንዲያደርገው በ1965 ሐሳብ አቀረበ። ኪልቢ ከጄሪ ሜሪማንና ከጄምስ ቫን ታሰል ጋር በመሆን የሠራው፣ ካል ቴክ የሚል የውስጥ መጠሪያ የተሰጠው ናሙና በ1967 አራቱን መደብ ስሌቶች መሥራት ቻለ። በዚህ ናሙና ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ውጤቱን የሚያሳይበት መንገድ ነው። በዘመኑ የነበሩት የአሃዝ መብራቶች በሙሉ ለትንሽ ባትሪ የማይቀመሱ ስለነበሩ፣ መሐንዲሶቹ ማሳያውን ጨርሰው በመተው፣ ጥቃቅን ነጥቦችን በማሞቅ ለሙቀት በሚጠቁር የወረቀት ጥብጣብ ላይ አሃዝ የሚያትም ክፍል ፈጠሩ። ኅትመቱ ኃይል የሚበላው ቁጥሩ በሚታተምበት ቅጽበት ብቻ ሲሆን፣ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ውጤቱን ይዞ ይቆያል። ይህንኑ ሐሳብ ተከትሎ ካኖን በ1970 ጃፓን ውስጥ ያወጣው ፖኬትሮኒክ 800 ግራም ገደማ ይመዝን ስለነበር፣ ስሙ ኪስን ቢጠራም ኪስ የሚችለው ዕቃ አልነበረም።

በዚሁ ዓመት ኅዳር ወር ሞስቴክ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የአራቱን ስሌቶች ሥራ በሙሉ በአንድ ቺፕ ላይ ማዋሐዱን አስታወቀ፤ ቺፑን ያዘዘው የጃፓኑ ቢዚኮም በ1971 መጀመሪያ ላይ ኤልኢ-120ኤ በሚል ስያሜ፣ 12 አሃዞችን በቀይ ኤልኢዲ የሚያሳይ የኪስ ካልኩሌተር አወጣ። ኤልኢዲ ጅረት ሲያልፍበት ብርሃን የሚሰጥ የሴሚኮንዳክተር ቁራጭ ነው። ከዚህ በኋላ የቦርዱ ጥያቄ መልኩን ለወጠ፤ በፊት «እነዚህ ሁሉ ቺፖች እንዴት ይገናኙ» የነበረው፣ አሁን «አንዱ ቺፕ ባሉት ጥቂት እግሮች ከውጭው ዓለም ጋር እንዴት ይነጋገር» ሆነ።

የእግር ጉዳይ ተራ ነገር አልነበረም። የቺፕ እግር ከቦርዱ ጋር የሚበየድ የብረት መውጫ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ እግር ማሸጊያውን ያሰፋል፣ ብየዳ ይጨምራል፣ በቦርዱም ላይ አዲስ መስመር ይጠይቃል። እያንዳንዱ አሃዝ በሰባት ጭረቶችና በአንድ ነጥብ የሚጻፍ ከሆነ፣ ስምንት አሃዞች ያሉት ማሳያ እያንዳንዱ ጭረት የራሱ መስመር ቢሰጠው 64 መስመሮች ይፈልጋል። መፍትሔው የሁሉም አሃዞች ተመሳሳይ ጭረቶች በአንድ መስመር እንዲገናኙ አድርጎ፣ አሃዞቹን አንድ በአንድ በየተራ በፍጥነት ማብራት ነበር፤ ያን ጊዜ ስምንት የጭረትና ስምንት የአሃዝ መስመሮች፣ በድምሩ 16 ይበቃሉ፤ ተራው በሰከንድ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስም ዓይን ሁሉንም አሃዞች በአንድ ጊዜ እንደበሩ አድርጎ ያያቸዋል። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የመጀመሪያዎቹ ነጠላ ቺፖች በዚህ ላይ ሌላ ቁጠባ አከሉበት፦ አሃዞቹን በየተራ የሚጠሩት መስመሮች በዚያው አፍታ ቁልፎቹንም እንዲጠይቁ ተደረገ። ቁልፎቹ በአግድምና በቁመት መስመሮች መገናኛ ላይ ስለሚቀመጡ፣ ቺፑ የሦስተኛውን አሃዝ መስመር በሚያበራበት ቅጽበት ከቁልፍ በኩል ምልክት ከተመለሰለት፣ የተጫነው ቁልፍ በሦስተኛው መስመር ላይ ያለ መሆኑን ያውቃል። አንድ መስመር ሁለት ሥራ በመሥራቱ ቺፑ በ28 እግሮች ብቻ ከማሳያውና ከቁልፎቹ ጋር ተገናኘ።

በዚህ ሁሉ መካከል የሂውሌት ፓካርድ ኤችፒ-35 ረዘም ያለ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ መሣሪያ ነው። ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቢል ሂውሌት የ9100ኤ ችሎታ ያለው ማሽን በሸሚዝ ኪሱ እንዲገባ ፈለገ፤ የገበያ ጥናት ያደረጉ ባለሙያዎች ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ ብዙ ገዢ እንደማይኖረው ቢያስጠነቅቁም ሥራው ቀጠለ፤ በ1972 መጀመሪያም በ395 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። በተለመደው አሠራር ኤሌክትሮኒክሱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚስማማው ሣጥን ይበጅለታል፤ እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ ተገለበጠና የውጭው ቅርጽ፣ የቁልፎቹ አቀማመጥና የማሳያው ዝንባሌ አስቀድሞ ተወስኖ፣ የውስጡን ክፍሎች እዚያ ውስጥ የማስገባቱ ኃላፊነት ለመሐንዲሶቹ ተሰጠ። ውጤቱ ሁለት ቦርዶች ሆኑ። ላይኛውና ትልቁ ቦርድ ማሳያውን፣ ማሳያውን የሚያንቀሳቅሱትን ክፍሎችና ቁልፎቹን ሲይዝ፣ ታችኛውና ትንሹ ቦርድ ደግሞ አምስቱን የሎጂክ ቺፖችና ባትሪው የሚሰጠውን ቮልቴጅ ወደሚፈለጉት ልዩ ልዩ ቮልቴጆች የሚቀይረውን ክፍል ይዟል።

አምስቱ ቺፖች ሥራውን የተከፋፈሉት አንዱ ስሌቱን፣ አንዱ የጊዜ ቁጥጥሩንና የቁልፎቹን ንባብ፣ ሦስቱ ደግሞ ቋሚውን ፕሮግራም በመያዝ ነበር። እነዚህን ለማገናኘት የተመረጠው ዘዴ መላውን ንድፍ የወሰነ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር 14 የአሃዝ ቦታዎች፣ እያንዳንዱም ቦታ አራት ቢት፣ በድምሩ 56 ቢት ሲኖረው፣ እነዚህ 56 ቢቶች ጎን ለጎን በ56 መስመሮች እንዲተላለፉ ሳይሆን በአንድ መስመር ተራ በተራ እንዲያልፉ ተደረገ። ዘዴው ፍጥነትን ይሠዋል፤ መሣሪያው በሰከንድ 200,000 ምት በሚመታ ሰዓት ስለሚሠራ አንድ ቁጥር ሙሉ በሙሉ እስኪያልፍ 280 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል። በአንጻሩ ቺፖቹን የሚያስተሳስሩት ዋና መስመሮች ወደ ሦስት ዝቅ አሉ፤ የማመሳሰያ ምልክቱ በአንደኛው፣ ትእዛዙ በሁለተኛው፣ የትኛው የቁጥሩ ክፍል እንደሚሠራበት የሚጠቁመው ደግሞ በሦስተኛው ይተላለፋል። የመሣሪያው ተጠቃሚ ሰው ነውና፣ የሳይን ስሌት ግማሽ ሰከንድ ያህል ቢፈጅ የሚቀየም አልነበረም፤ የቦርዱ መጥበብ ግን በኪሱ ይሰማዋል። ይህ ፍጥነትን ሰጥቶ ቦታ የመግዛት ውሳኔ በካልኩሌተር ታሪክ ከተደረጉት ሁሉ ብልህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስሌቱ ራሱ ከዚህ ቁጠባ ጋር እንዲስማማ ሆኖ ተመርጧል። ኮርዲክ የተባለውን ዘዴ መሐንዲሱ ጃክ ቮልደር በ1950ዎቹ ያበጀው ለአውሮፕላን አቅጣጫ መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ ሳይንና ታንጀንትን የመሰሉ ውጤቶችን ያለ ማባዣ ክፍል፣ አሃዞችን በማሸጋሸግና በመደመር ብቻ ማግኘት ያስችላል። የሂውሌት ፓካርዱ መሐንዲስ ዴቪድ ኮክራን ይህን ዘዴ ለአስርዮሽ ቁጥር አመቻችቶ፣ የመሣሪያውን አጠቃላይ ፕሮግራም በ768 ትእዛዛት ውስጥ አስገባው። ፕሮግራሙ በቺፑ ምርት ጊዜ የሚታተምና ከዚያ በኋላ የማይለወጥ በመሆኑ ይህ ጥበት የራሱ ዋጋ ነበረው፦ ሽያጩ ከተጀመረ በኋላ የ2.02 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ተወስዶ ወደ ቀድሞው ቁጥር ሲመለስ 2 ብቻ የሚያሳይ ስሕተት ተገኘ፤ ድርጅቱም ስሕተቱን ለገዢዎቹ አሳውቆ መሣሪያውን ለመለወጥ ተገደደ።

የኤሌክትሪክ ቁጠባው ጥበብ ጎልቶ የሚታየው በላይኛው ቦርድ ላይ ነው። ኤችፒ-35 በሦስት ኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች የሚሠራና አንድ ጊዜ ከተሞላ ለጥቂት ሰዓታት የሚያገለግል ሲሆን፣ 15 ቦታዎች ያሉት ቀዩ ማሳያ እንደ ወትሮው ቢሠራ ኖሮ ያን ኃይል ገና በጊዜ ያሟጥጠው ነበር። ኤልኢዲን ከባትሪ ጋር ለማገናኘት የተለመደው መንገድ ጅረቱን የሚገድብ ሬዚስተር በመሐል ማስገባት ነው፤ ይህ ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ሬዚስተሩ የሚገድበውን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ያባክነዋል። መሐንዲሶቹ በሬዚስተር ፋንታ ኢንዳክተር የተባሉ ጥቃቅን የሽቦ ጥቅልሎችን አስገቡ። ጥቅልሉ ጅረት ሲያልፍበት ኃይልን በማግኔት መስክ መልክ ያጠራቅማል፤ ጅረቱ ሲቋረጥ ደግሞ ያጠራቀመውን በኤልኢዲው ውስጥ በአንድ አጭር ምት ይለቀዋል። በአጭርና በብርቱ ምት የሚበራ ኤልኢዲ ለተመሳሳይ አማካይ ጅረት በዝግታና ያለማቋረጥ ከሚበራው የበለጠ ብርሃን ስለሚሰጥ፣ ትርፉ በሁለት በኩል ሆነ። ማሳያው አሃዝ በአሃዝ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ አሃዝ ውስጥ ጭረት በጭረት በየተራ ይበራ ነበር፤ ስለሆነም በአንድ ቅጽበት የሚበራው ከመላው ማሳያ አንዲት ጭረት ብቻ ነበረች። በዚህም ላይ እያንዳንዱ አሃዝ እጅግ አንሶ ተሠርቶ፣ በላዩ አጉልቶ የሚያሳይ ትንሽ የፕላስቲክ ሌንስ ተደፋበት፤ የኤልኢዲው ቁስ ውድ በመሆኑ ስፋቱን መቀነስ ኃይልንም ገንዘብንም ያተርፍ ነበር።

ቁልፎቹም የቦርዱ አካል እንዲሆኑ ተደርገዋል። በየቁልፉ ሥር ራሱን የቻለ ማብሪያ ማጥፊያ ከመትከል ይልቅ፣ በቦርዱ ላይ እንደ ሸንተረር ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ስስ የብረት ጥብጣቦች ተዘረጉ። ጣት ቁልፉን ሲጫን ጉብታው እስከ አንድ ደረጃ ይታገልና በድንገት እጥፍ ብሎ ሥሩ ያለውን የመዳብ መስመር ይነካል፤ ጣቱም ቁልፉ መሥራቱን ሳያይ በስሜት ያውቃል። 35ቱ ቁልፎች በስምንት በአምስት መስመሮች መገናኛ ላይ ሲቀመጡ፣ መሣሪያው ስሙን ያገኘው ከዚሁ የቁልፎች ቁጥር ነው። የኤችፒ-35 ተጽዕኖ ፈጣን ነበር፤ መሐንዲሶች ለብዙ ትውልድ የተጠቀሙበትን ስላይድ ሩል፣ ማለትም የሎጋሪዝም መለኪያ የተቀረጸባቸውን ተንሸራታች ዘንጎች በማስተያየት የሚያሰላውን መሣሪያ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሥራ አስወጣው።

ኤችፒ-35 በወጣበት በ1972 በእንግሊዝ የተደረገው ሙከራ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ መንፈስ ነበረው። እንግሊዛዊው የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ፈጣሪ ክላይቭ ሲንክሌር እንደ ሂውሌት ፓካርድ ልዩ ቺፖችን ለማሠራት አቅም አልነበረውምና፣ ማንም የሚገዛውን የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ ወስዶ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ባላሰቡት መንገድ ተጠቀመበት። በመደበኛ አሠራር ማሽኑ 350 ሚሊዋት ያህል ስለሚፈልግ ትላልቅ ባትሪዎች ያስፈልጉት ነበር። በሲንክሌር ዘንድ የተስተዋለው ነገር ግን፣ በዚህ ዓይነት ቺፕ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች በተፈጥሯቸው ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል ለአጭር ጊዜ ስለሚይዙ፣ ኃይሉ ለቅጽበት ቢቋረጥ ቺፑ ያለበትን ሁኔታ እንደማይረሳ ነበር። ስለዚህ ቺፑ ያለማቋረጥ እንዲበራ ሳይሆን፣ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ለጥቂት አፍታ እየበራ እንዲጠፋ የሚያደርግ ሰርኪዩት በዙሪያው ተሠራ፤ ፍጆታውም ወደ 30 ሚሊዋት ገደማ ወረደ። በመሆኑም ሲንክሌር ኤክስኪዩቲቭ ለመስማት ችግር መርጃ መሣሪያ በሚያገለግሉ የአዝራር ባትሪዎች መሥራት ቻለ፤ ውፍረቱም 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ። ዋጋው 79.95 ፓውንድ ነበር። ይህ ዓይነቱ ብልሃት አምራቹ ዋስትና ባልሰጠበት የቺፑ ባሕርይ ላይ የቆመ በመሆኑ ጥንቁቅ መሐንዲስን ሊያሳስበው ቢችልም፣ የቀጭን ካልኩሌተርን ዘመን የከፈተው ግን እሱ ነው።

ሲንክሌር ይህንኑ የድፍረት መንገድ በ1974 በሳይንቲፊክ ካልኩሌተሩ ላይ ደገመው። ለአራቱ ስሌቶች ብቻ ተብሎ በተሠራ፣ 320 ትእዛዛት ብቻ በሚይዝ ቺፕ ውስጥ የሲንክሌር ባልደረባ ናይጀል ሰርል ሳይንን፣ ታንጀንትንና ሎጋሪዝምን አስገባ። ቦታ ለማትረፍ ሲባል የተተወው ብዙ ነው፤ ውጤቱ ዝግ ይላል፣ የመጨረሻዎቹ አሃዞችም ሁልጊዜ አይታመኑም። ከሁሉ የሚገርመው በቺፑ ውስጥ ቦታ ያላገኙት ቋሚ ቁጥሮች የሄዱበት ቦታ ነው፦ ፓይ 3.14159፣ ዲግሪን ወደ ራዲያን መቀየሪያው 57.29578፣ የአስር የተፈጥሮ ሎጋሪዝም 2.30259 በካልኩሌተሩ ፊት ላይ በቀለም ታትመው፣ ተጠቃሚው በፈለጋቸው ጊዜ በጣቱ እንዲያስገባቸው ተደረገ። የቺፑ ማስታወሻ ሲሞላ ሣጥኑ ማስታወሻ ሆነ።

በጃፓን የካሲዮ ሰዎች በበኩላቸው የመረጡት መንገድ ከገዢው ፍላጎት መቀነስ ነበር። ነሐሴ 1972 የወጣው ካሲዮ ሚኒ ስድስት አሃዞችን ብቻ ያሳይ ነበር፤ ተራው ሰው ለዕለት ሒሳቡ ከዚያ በላይ እንደማያስፈልገው ታስቦ አሃዞቹ ሲቀነሱ የማሳያውም የቦርዱም ወጪ ወረደ፤ መሣሪያው በ12,800 የን ተሸጦ በአሥር ወራት አንድ ሚሊዮን ደረሰ።

እስካሁን ከተወሱት የኃይል ቁጠባ ብልሃቶች አብዛኞቹ የታገሉት ከአንድ ጠላት፣ ብርሃን ከሚያመነጭ ማሳያ ጋር ነበር። ብርሃን ማመንጨቱን ጨርሶ የተወው ፈሳሽ ክሪስታል ማሳያ፣ በተለምዶ ኤልሲዲ የሚባለው፣ በዙሪያው ያለውን ብርሃን በመጠቀም በሁለት መስታወቶች መካከል ያለውን ቁስ ገጽታ በኤሌክትሪክ ብቻ ይለውጣል። የአሜሪካው አርሲኤ በ1968 ዘዴውን ይፋ ቢያደርግም ወደ ኪስ ያደረሰው ሻርፕ ነው። በ1973 የወጣው ኢኤል-805 በአንዲት ተራ ባትሪ 100 ሰዓት የሚሠራ ሲሆን፣ ከቦርድ ታሪክ አንጻር የሚጠቀሰው በሌላም ምክንያት ነው፦ ሠሪዎቹ የማሳያውን መስታወት እንደ ቦርድ ተጠቅመው መስመሮቹንና ቺፖቹን በእሱው ላይ አደረጉ። ሐሳቡ የሚያምር ቢሆንም በርካሽ ለማምረት አልተመቸምና ሌሎች አልተከተሉትም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመላው ዓለም የተለመደው፣ መስታወቱን ከተራ ቦርድ ጋር በላስቲክ ቁራጭ የሚያገናኘው ዘዴ ነው፤ ላስቲኩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉና የማያስተላልፉ ስስ ንብርብሮች የሚፈራረቁበት በመሆኑ፣ በመስታወቱና በቦርዱ መካከል ተጨምቆ ሲቀመጥ ያለ ምንም ብየዳ እያንዳንዱን መስመር ከአቻው ጋር ያገናኛል። የኤልሲዲው ፍጆታ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑም በክፍል ውስጥ ብርሃን የሚሠሩ የፀሐይ ካልኩሌተሮችን አስከተለ፤ ካሲዮ በ1983 ያወጣው ኤስኤል-800 ደግሞ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም 12 ግራም ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ውሳኔዎች በሙሉ ለማለት ይቻላል የዋጋ ውሳኔዎች ናቸው። ዛሬ በመርካቶም ሆነ በሌላ ገበያ የሚሸጠውን ርካሽ ካልኩሌተር የከፈተ ሰው፣ በአንድ ገጹ ብቻ መዳብ ያለበት ቀጭን ቦርድና በመካከሉ እንደ ሬንጅ ጠብታ የደረቀ ጥቁር ነገር ያገኛል። ያ ጥቁር ነገር ኤፖክሲ የተባለ ሙጫ ሲሆን፣ በሥሩ ያለው ቺፕ ማሸጊያም እግርም የለውም፤ ራቁቱን በቦርዱ ላይ ተለጥፎ፣ ከፀጉር በቀጠኑ ሽቦዎች ከመስመሮቹ ጋር ተገናኝቶ፣ ከአቧራና ከንክኪ እንዲጠበቅ ሙጫው ተንጠባጥቦበታል። የኤችፒ-35 የብረት ጉብታዎች ቦታም በላስቲክ ምንጣፍ ተወስዷል፤ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለ የካርቦን ክብ፣ በቦርዱ ላይ የተነጣጠሉ ሁለት መስመሮችን ሲነካ ያገናኛቸዋል። በዚህ አሠራር የእግሩም፣ የማሸጊያውም፣ የአብዛኛውም ብየዳ ወጪ ቀርቷል።

የቀረው ግን ወጪው ብቻ አይደለም። የ1972ቱ ኤችፒ-35 ቺፕ በቺፕ፣ ክፍል በክፍል ሊፈተሽ ይችላል፤ ባትሪያቸው ተተክቶ ዛሬም የሚሠሩ አሉ። ጥቁሩ ጠብታ ያለበት ካልኩሌተር የማሳያው ጭረት ሲጠፋ ላስቲኩ ተጸድቶ፣ ቁልፉ ሲሰንፍ ካርቦኑ ተወልውሎ ሊመለስ ይችል ይሆናል፤ ቺፑ ከተበላሸ ግን ሙጫውን አንሥቶ የሚለውጠው ስለሌለ ቦርዱ ይጣላል።